ገዳይ ሴሎቹ አሉ፤ መድኃኒቱን ግን አያስጥሉም

ሰሞኑን በቴሌግራም ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔም ከተለያዩ ሰዎች ደርሶኛል። የላኩልኝ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «እውነት ነው እንዴ?»

ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው። በደማችን ውስጥ ናቹራል ኪለር የሚባሉ ኤች አይ ቪን የሚገድሉ ሴሎች አሉ። አሜሪካ ውስጥ በአይጥ ላይ ተሞክረው ቫይረሱን አጥፍተዋል፤ ስለዚህ ፈውሱ ተገኝቷል። ሴሎቹን በጥቁር አዝሙድ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሽፈራው ማጠናከር ይቻላል። በየቀኑ የሚዋጠው መድኃኒት ግን ያደክማቸዋልና ለተወሰነ ጊዜ ቢቆም ይመረጣል። ያለ መድኃኒት ለዓመታት በጤና የኖሩ ሰዎች ለዚህ ማስረጃ ናቸው። ይህን ሁሉ የማንሰማው የመድኃኒት ኩባንያዎች ስለደበቁት ነው።

ጽሑፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሸት ቢሆን ዝም ብዬ ባለፍኩት ነበር። ግን አይደለም። ጸሐፊው የተነሱበት ሳይንስ ትክክል ነው። መንገዱን የሳቱት መሃል ላይ ነው። መጨረሻ ላይ የሰጡት ምክር ግን ሰው ይገድላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልሂድ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴሎቹ ኤች አይ ቪን ይገድላሉ ስለተባለው

ይህኛው እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው የተነገረው።

ናቹራል ኪለር፣ ባጭሩ ኤን ኬ የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የታወቁት በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። በስዊድን የካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ሰዎች፣ በአሜሪካ ደግሞ የሮናልድ ኸርበርማን ቡድን በየፊናቸው ደረሱባቸው። ያስገረማቸው ነገር እነዚህ ሴሎች ከዚያ በፊት አይተውት የማያውቁትን የካንሰር ሴል መግደላቸው ነው። በምን ለዩት? መልሱ የመጣው በ1986 ሲሆን ያመጣውም ክላስ ካሬ የተባለ ስዊድናዊ ከባልደረቦቹ ጋር ነው። እያንዳንዱ የሰውነታችን ሴል ማለት ይቻላል ላዩ ላይ ኤች ኤል ኤ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉት። እንደ መታወቂያ ቁጠሯቸው። ኤን ኬ ሴል ኬላ ላይ እንደቆመ ፈታሽ ነው። መታወቂያ የያዘውን ያሳልፋል፣ መታወቂያ ያጣውን ይገድላል። ሌሎች የሚያያቸው ምልክቶችም አሉት፤ ለዛሬ ግን ይህ ይበቃናል።

ጸሐፊው ያላነሱት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ኤች አይ ቪ ይህን ፍተሻ የሚያልፍበት ዘዴ አለው። ኔፍ የሚባለው ፕሮቲኑ ከያዘው ሴል ላይ «ኤ» እና «ቢ» የሚባሉትን የኤች ኤል ኤ ዓይነቶች ያወርዳል። እነዚህን የሚያነቡት ሌላኛዎቹ ገዳዮች፣ ሲዲ 8 የሚባሉት ቲ ሴሎች ናቸው። ስለዚህ እነሱ ምንም አያዩም። «ሲ» እና «ኢ»ን ግን ኔፍ አይነካቸውም። ኤን ኬ ሴል አብዝቶ የሚፈትሸው ደግሞ እነዚህን ሁለቱን ነው። ቫይረሱ አንዱን ፈታሽ እያሳወረ ሌላውን «ደህና ነኝ» ብሎ ያልፋል ማለት ነው። ይህ የታወቀው በ1999 ነው።

ታዲያ ኤን ኬ ሴሎች ከንቱ ናቸው? በፍጹም። በ2002 የሜሪ ካሪንግተን ቡድን አንድ የኤን ኬ ዘረ መል ከአንድ የኤች ኤል ኤ ዓይነት ጋር አብረው የተገኙባቸው ሰዎች ወደ ኤድስ የሚደርሱት ዘግይተው መሆኑን አሳየ። በ2011 ደግሞ ቫይረሱ ከኤን ኬ ሴሎች ለማምለጥ ራሱን እንደሚለዋውጥ ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ። ቫይረሱ የሚለዋወጠው ስለሚያስጨንቁት ነው። ስለዚህ ትግሉ አለ። ጸሐፊው ትግሉን አይተው ድሉን አወጁ።

አይጦቹ ድነዋል ስለተባለው

ጸሐፊው የትኛውን ሙከራ እንዳዩ አልነገሩንም። ከዝርዝሩ ስገምት በ2022 መጀመሪያ ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ የወጣው የካሊፎርኒያው ዩ ሲ ኤል ኤ ጥናት ይመስለኛል። ጥሩ ጥናት ነው። እስቲ ምን እንደተሠራ በደንብ እንየው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ዝርዝሩ ውስጥ ነውና።

አይጥ በተፈጥሮው ኤች አይ ቪ አይዘውም። ስለዚህ የሰው የመከላከያ ሴሎች የተተከሉባቸው ልዩ አይጦች ተዘጋጁ። ቫይረሱ ተሰጣቸው። ቀጥሎ ምን ተሰጣቸው? ያው እኛ የምናውቀው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት! ጸሐፊው አቁሙት ያሉት ማለት ነው። በመድኃኒቱ ቫይረሱ ከደማቸው ከወረደ በኋላ ነው ኤስ ዩ ደብሊው 133 የሚባል ኬሚካል የተወጉት። ይህ ኬሚካል መነሻው ከባሕር ፍጥረት የተገኘ ብሪዮስታቲን የሚባል ንጥረ ነገር ሲሆን፣ ሥራው የተኛውን ቫይረስ መቀስቀስ ነው። የሰው ኤን ኬ ሴሎችም ተጨመሩላቸው። ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ሲቆም ከአይጦቹ 40 በመቶው ላይ ቫይረሱ ተመልሶ አልታየም።

በቀሪዎቹ 60 በመቶ ላይ ተመለሰ። የጸሐፊው ጽሑፍ ውስጥ እነዚህ የሉም።

ደግሞም አይጦቹ ቫይረሱን ይዘው የቆዩት ለአጭር ጊዜ ነው። በሰው ላይ ቫይረሱ አሥርና ሃያ ዓመት ይቀመጣል። ተመራማሪዎቹም ራሳቸው ሰውን ፈወስን አላሉም። ያሉት፣ ቀስቅሶ መግደል የሚባለው ሐሳብ በኤን ኬ ሴሎች ሊሻሻል ይችላል ነው።

ዋናው ቋጠሮ

መቀስቀስ ለምን አስፈለገ? ጽሑፉ ይህን ጥያቄ አልጠየቀም። ቢጠይቅ ኖሮ ድምዳሜው ይፈርስ ነበር።

ኤች አይ ቪ የራሱን ዘረ መል በሴላችን ዘረ መል ውስጥ ይሰካል። አንዳንዱ ሴል ከዚያ በኋላ ይተኛል። ቫይረሱም አብሮት ይተኛል። እነዚህ የተኙ ሴሎች በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲታወቁ የሕክምናው ዓለም ክው ነው ያለው። ምክንያቱም መድኃኒቱ የሚሠራው በሚባዛ ቫይረስ ላይ ነው፤ የተኛው አይባዛም። ብዛታቸው ጥቂት ነው፤ ቫይረሱ በዋናነት ከሚይዛቸው፣ ሲዲ 4 ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ካረፉት ሚሊዮን አንድ ያህል። ግን ዕድሜያቸው! በግማሽ ለመቀነስ ወደ 44 ወር ይፈጅባቸዋል። ተመራማሪዎች ይህን አስልተው፣ በመድኃኒት ብቻ ቫይረሱን ሙሉ በሙሉ ለመጨረስ ከ70 ዓመት በላይ ይወስዳል አሉ።

አሁን ወደ ኤን ኬ ሴል እንመለስ። የተኛ ቫይረስ ምንም ፕሮቲን አያመርትም፤ ኔፍንም ጭምር። የያዘው ሴል ላይ ምንም አልጎደለም፣ ምንም አልተጨመረም። ኤን ኬ ሴል አጠገቡ ቢያልፍ ጤነኛ ሴል ነው የሚያየው። የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ያላየውን አይገድልም። ሴሎቹን ማጠናከር ብቻውን የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ሚሲሲፒ ውስጥ የተወለደችው ሕፃን ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በተወለደች በ30 ሰዓት ውስጥ መድኃኒት ጀመረች። በኋላ ሕክምናው ተቋረጠ፤ ቫይረሱ ግን አልታየም። በ2013 ዓለም «ተፈወሰች» ብሎ ጮኸ። ያለ መድኃኒት 27 ወር ቆየች። በ2014 ቫይረሱ ተመለሰ። ኤን ኬ ሴሎች ነበሯት፣ እንደማንኛችንም።

መቀስቀሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። በ2012 ቮሪኖስታት የሚባል የካንሰር መድኃኒት የተኛውን ቫይረስ በሰው ላይ ማንቃት እንደሚችል ታየ፤ ተስፋው ትልቅ ነበር። በእንግሊዝ ሪቨር የተባለ ሙከራ 60 ሰዎችን ይዞ፣ ግማሾቹን በመድኃኒታቸው ላይ ክትባትና ቮሪኖስታት ጨመረላቸው። በ2020 ውጤቱ ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። መንቃት አንድ ነገር ነው፤ መሞት ሌላ።

ኤን ኬ ሴሎች በሰው ላይም መሞከር ጀምረዋል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ኤን 803 የሚባል፣ ኤን ኬ ሴሎችን የሚያነቃ መርፌ በጥቂት ሰዎች ላይ ሞክረዋል። ከቤተሰብ አባል የተወሰዱ ኤን ኬ ሴሎችንም ለሕሙማን ሰጥተዋል። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ጉዳት አለው ወይ?» የሚል ነበር፤ የተፈራው ጉዳት አልታየም። ቫይረሱ ግን ከማንም አልጠፋም። ሰዎቹም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው የተሞከረባቸው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጸሐፊው ከሚመክሩት ጋር ፊት ለፊት ይጋጫል።

በካንሰር በኩል ሥራው ወደፊት ሄዷል። በ2020 በአሜሪካ ሂዩስተን፣ በኤም ዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል፣ የካትዪ ሬዝቫኒ ቡድን ከእትብት ደም የተወሰዱ ኤን ኬ ሴሎችን በዘረ መል አሻሽሎ ለ11 የደም ካንሰር ሕሙማን ሰጠ። 8ቱ ላይ ካንሰሩ አፈገፈገ። ለኤች አይ ቪም ተመሳሳይ ነገር እየተሠራ ነው፤ ያለው ግን ገና ላቦራቶሪና እንስሳት ላይ ነው። የካንሰር ሴል የሚታይ ምልክት አለው፤ የተኛ ኤች አይ ቪ የለውም። ልዩነቱ እሱ ነው።

የመከላከል አቅምን ማጠናከር

ጸሐፊው ብዙ የጻፉት እዚህ ላይ ነው፤ እኔም ትንሽ ልቆይበት።

«የመከላከል አቅም በበረታ ቁጥር ኤች አይ ቪ ይደክማል» የሚለው ሐሳብ ለጆሮ ይጥማል። ተሞክሮም ያውቃል። ኢንተርሉኪን 2 የሚባል፣ ኤን ኬ ሴሎችንም የሚያነቃ ንጥረ ነገር በሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ለሺዎች ተሰጠ። ሁለቱ ሙከራዎች አንድ ላይ ከ5,800 ሰው በላይ ነበራቸው። ሲዲ 4 ቁጥራቸው በደንብ ጨመረ። በ2009 ውጤቱ ሲወጣ ግን ሕመሙም ሞቱም አልቀነሰም። ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር አደገ፣ ሰዎቹ አልተጠቀሙም።

እንዲያውም የተነቃቃ የመከላከል ሥርዓት ለኤች አይ ቪ ምግብ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ የሚመርጠው የነቃ ሲዲ 4 ሴልን ነው። ይህን ካሳዩት ውስጥ የእኛው ሰዎች አሉበት። በ1990ዎቹ እስራኤል ውስጥ ፕሮፌሰር ዝቪ ቤንትዊች ከኢትዮጵያ የገቡ ቤተ እስራኤላውያንን አጥንተው ነበር። ብዙዎቹ የሆድ ትላትል ነበረባቸው፤ የመከላከል ሥርዓታቸውም ያለ ዕረፍት ተነቃቅቶ ነበር። የደም ሴሎቻቸው ላቦራቶሪ ውስጥ ከኤች አይ ቪ ጋር ሲገናኙ በቀላሉ ነው የተያዙት። የመከላከል ሥርዓታቸው ሥራ በዝቶበት ነበር እንጂ ቦዝኖ አልነበረም።

ከዚህ ደግሞ ጦጣዋ ትገርማለች። አዎ፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሙዝ የምትነጥቀን ጦጣ። እሷና ዘመዶቿ፣ በአፍሪካ አረንጓዴ ጦጣ የሚባሉት፣ የኤች አይ ቪ ዘመድ የሆነ ቫይረስ በተፈጥሮ ይይዛቸዋል። ቫይረሱ ደማቸው ውስጥ በብዛት ይራባል። ኤድስ ግን አይዛቸውም። በ2017 የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች ከምክንያቶቹ አንዱን አገኙ። በሰው ላይ ቫይረሱ ከሚደበቅባቸው ዋና ቦታዎች አንዱ የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ያለው ክፍል ነው፤ ገዳይ ሴሎች ብዙም አይገቡበትም። የእነዚህ ጦጣዎች ኤን ኬ ሴሎች ግን እዚያ ድረስ ይገባሉ፣ ቫይረሱንም ያስወጣሉ። ተመራማሪዎቹ ኤን ኬ ሴሎችን ሲቀንሱባቸው ቫይረሱ ዕጢው ውስጥ መራባት ጀመረ። ከዚህም ጋር ጦጣዎቹ ከመጀመሪያው ቀናት በኋላ የመከላከል ሥርዓታቸውን ያረጋጋሉ። ለእኔ በኤን ኬ ዙሪያ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። ቁም ነገሩ የሴሎቹ ብዛት አይደለም፤ ወደ ትክክለኛው ቦታ መግባታቸውና ከዚያም ዕረፍት ማወቃቸው ነው። ይህን ደግሞ በሽፈራው ሻይ አናመጣውም።

ጥቁር አዝሙዱን፣ ሽፈራውን በልኩ መብላት ማንም አይከለክልም። ወጥ ያለ ነጭ ሽንኩርት ምን ወጥ ነው? ነገር ግን እንደ መድኃኒት ተጨምቆ በእንክብል ሲወሰድ ነገሩ ይለወጣል። በ2002 የወጣ የአሜሪካ ጥናት የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሳኩዊናቪር የተባለውን የቀድሞ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በግማሽ ያህል እንደሚቀንሰው አሳይቷል። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም ቢሆን ከጨጓራ ማስታገሻዎች ጋር አብሮ ሲዋጥ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ማስታገሻው ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ መዋጥ አለበት። የምትወስዱትን ሁሉ ለሐኪሙ ንገሩት፤ አይቆጣችሁም።

መድኃኒቱን ቆም ማድረግ

እዚህ ላይ ጸሐፊውን አላከብራቸውም። ይቅርታ።

ይህ ምክር በ5,472 ሰዎች ላይ ተፈትሿል። ስማርት የተባለው ሙከራ ግማሾቹ መድኃኒቱን ሳያቋርጡ እንዲወስዱ፣ ግማሾቹ ደግሞ ሲዲ 4 ቁጥራቸው ጥሩ ሲሆን እንዲያቆሙ አደረገ። በ2006 መጀመሪያ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱም ባቋረጡት ላይ ከኤድስ ጋር የተያያዘ ከባድ ሕመም ወይም ሞት የመድረሱ ዕድል 2.6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት ሕመምም ጨመረ። ማንም ያልጠበቀው ይህን ነበር።

መድኃኒቱ ኤን ኬ ሴሎችን ያደክማል መባሉ ደግሞ ነገሩን ገልብጦታል። ሴሎቹን የሚያበላሸው ያልታከመ ቫይረስ ነው። ኤች አይ ቪ ያለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲራባ መግደል የማይችሉ፣ ስም ብቻ የቀራቸው ኤን ኬ ሴሎች ይበዛሉ። መድኃኒት ሲጀመርና ቫይረሱ ሲወርድ ግን ሥራቸው በአብዛኛው ይመለሳል። ለኤን ኬ ሴሎቹ የሚጨነቅ ሰው መድኃኒቱን በሰዓቱ ይዋጥ።

አንድ ብዙ የማይነሳ ነገር ልጨምር። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚወስደው እንክብል ውስጥ ያሉት ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የጉበት ቫይረስ ቢንም ይቆጣጠራሉ። በአገራችን ይህ የጉበት ቫይረስ ጥቂት አይደለም። ሁለቱም ያለበት ሰው እንክብሉን ድንገት ሲያቆም ጉበቱ በአንድ ጊዜ ሊቆጣ ይችላል። ይህም ይገድላል።

ይህን ክርክር ደግሞ ድሮ ጨርሰነዋል። እንጦጦ ላይ ጸበል የሚጠመቁ ብዙዎች መድኃኒታቸውን ትተው የሞቱበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በ2007 ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሳይቀሩ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ ተናገሩ። ፓትርያርኩ ያልጠየቁንን ዛሬ የቴሌግራም ጽሑፍ እየጠየቀን ነው።

ያለ መድኃኒት የኖሩት

አሉ። ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም። ካሊፎርኒያዊቷ ሎሪን ዊለንበርግ በ1992 ነው ቫይረሱ እንዳለባት ያወቀችው። በ2020 በታተመ ጥናት ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ሴሎቿ ተፈትሸው ሙሉ ቫይረስ አልተገኘም። ድንቅ ነው። ግን እሷ ሎተሪ ደርሷታል። እንዲህ ካሉት ሰዎች ብዙዎቹ ቫይረሱን የሚቆጣጠሩት በወረሱት የኤች ኤል ኤ ዓይነት እገዛ ነው፤ ያ ደግሞ በመብልም በመጠጥም አይመጣም። ከእነሱም ውስጥ ከዓመታት በኋላ ቫይረሱ ያመለጣቸው አሉ። የራሱ ዕጣ የትኛው እንደሆነ ለማየት መድኃኒት የሚያቆም ሰው፣ ከመቶ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ በላይ ይሸነፋል።

ኩባንያዎቹ ደበቁት

በኩባንያዎች የተቆጣ ሰው ምክንያት አለው። በ2000 አካባቢ የአንድ ሰው የዓመት መድኃኒት ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ አፍሪካ ሰዎቿን በየቀኑ ትቀብር ነበር። ዋጋውን የሰበረው የሕንዱ ሲፕላ በ2001 ያቀረበው 350 ዶላር ነው። በአገራችን መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ይህን ማንም አይረሳም።

ግን አሁን ያለውን ሒሳብ እንሥራ። ግሎባል ፈንድ በ2023 እንዳስታወቀው የአንድ ዓመት እንክብል ዋጋ ከ45 ዶላር በታች ወርዷል። በሴል የሚደረግ ሕክምና ደግሞ? ለደም ካንሰር የተፈቀደው የመጀመሪያው የካር ቲ ሕክምና በ2017 ሲወጣ ዋጋው 475,000 ዶላር ነበር። ትርፍ ብቻ የሚያይ ኩባንያ 45 ዶላሩን ለማዳን ብሎ የመቶ ሺዎቹን ገበያ ይደብቃል? እኔ ብሆን አልደብቅም። የተደበቀም ነገር የለም። ኤን 803ን የሚያመርተው ኩባንያ መርፌውን አንክቲቫ ብሎ ለፊኛ ካንሰር በ2024 አስፈቅዶ በአደባባይ ይሸጠዋል። የአይጦቹንም ጥናት ማንም በነፃ ከፍቶ ያነበዋል፤ ስልሳ በመቶውን ጨምሮ።

የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። የኤን ኬ ሕክምና ነገ ቢሠራ እንኳ በመቶ ሺዎች ዶላር ከሆነ፣ ለእኛ አገር 600 ሺህ ገደማ ሕሙማን ማን ይከፍላል? ጸሐፊው ኩባንያዎቹን መውቀስ ከፈለጉ ይህን አንስተው ቢወቅሱ አብሬያቸው ነኝ።

ጽሑፉን አንብባችሁ መድኃኒቱን ያቆማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ወደምትከታተሉበት ጤና ተቋም ሂዱ። ስንት ቀን እንዳቆማችሁ በትክክል ንገሯቸው። የቫይረስ መጠን ምርመራ ያደርጉላችኋል፤ ብዙ ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ነው የሚያስቀጥሏችሁ። የጉበት ቫይረስ ቢ እንዳለባችሁ ተመርምራችሁ የማታውቁ ከሆነም እግረ መንገዳችሁን ጠይቁ።